በሐኪም ጋራ የደረቀው ዋንዛ

ሐረር፣ ሐኪም ጋራ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዘላለም ብሩክ፤ ጅቡቲ።

የሥላሴ ጥበቃ ከላይህ አይነሳ። የወደቡ ሙቀት ይብረድልህ፤ የምትወጣበትም የምትገባበትም ሰላም ይሁን። እኔ አክስትህ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ አሁን ፈጽሞ ስለተዘጋ መደወሉን ተወው፤ ስልኩ መጮኹን የማውቀው መብራቱ ሲበራ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስትነት የተረፉኝ ዓይኖቼና ጣቶቼ ናቸውና በወረቀት እንጻጻፍ። የአትክልት መኪና የሚነዳው ተስፋዬ በየሁለት ሳምንቱ ወደ አንተ ስለሚወርድ ያደርስልናል።

የግቢያችን ዋንዛ ዘንድሮ እንደ ጉድ አብቧል። ከሩቅ ላየው ሰው ነጭ ነጠላ የተሰጣበት ይመስላል። አባትህ ከሰቀለው ቀፎ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ እጄ ይርገበገባል፤ ንቦቹን የምሰማው እንዲያ ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ አበባው አይደለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ስወጣ ሦስት ሰዎች ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘሁ። አንኳኩተው ይሁን አይሁን አላውቅም። የዋንዛውን ግንድ በሜትር እየለኩ ነበር። «ማናችሁ?» አልኩ፤ ድምፄን ስለማልሰማው ጮኼ ይሁን አንሾካሹኬ እንጃ። አንዱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረገ። ሌላው ስልኩ ላይ ጻፈና አሳየኝ፤ «ባለቤቱ ያውቃል» ይላል። ከዚያ ሌላ ወረቀትም በፎቶ አሳይቶኝ ወዲያው መልሶ ዘጋው።

ቤቱ በአባትህ ስም ነበር፤ ከእርሱ ወዲያ ባለቤቱ አንተ ነህ። ልጄ፣ የምታውቀው ነገር አለ? ፈርቻለሁና ቶሎ መልስልኝ።

ደግሞ በመስከረም የላክኸው ደብዳቤ ጽሕፈቱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። የአንተ ጽሕፈት እንዲያ አልነበረም። ለምን ተለወጠ?

አክስትህ ወለተሥላሴ


ጅቡቲ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ ወለተሥላሴ።

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራውም ጥሩ ነው፤ ወደቡ ላይ ከክሬን ረዳትነት ከፍ ሊያደርጉኝ ነው። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጽሕፈቴ የተለወጠው ጭኔ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው።

ስለ ሰዎቹ አይጨነቁ። ምናልባት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ይሆናሉ፤ በየቦታው ዛፍ ይቆጥራሉ ይባላል። ይልቅስ እትዬ፣ የቤቱን ካርታ ዋናውን በተስፋዬ ቢልኩልኝ እዚህ አስቀምጠው ነበር። እዚያ አይጥ ይበላዋል።

እርስዎም ለብቻዎ ያን ሁሉ ግቢ መጥረግ ይከብድዎታል። ሸዋ በር አካባቢ ውሃ የማይጠፋበት ንጹሕ ክፍል ቢገኝልዎ ምን ይመስልዎታል? ሐሳብ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጎረቤታችን የነበረው ኪዳነወልድ አንዳንድ ጊዜ ብቅ ይል ይሆናል። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይናገሩት።

ዋንዛው ሥር ግን ብዙ አይቀመጡ።

ልጅዎ ዘላለም


ሐረር
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘላለም።

ጽዮን ማርያም በዓሏን በጤና አድርሳናለችና ምስጋና ይግባት፤ አንተንም ትጠብቅህ።

ካርታውን አልላክሁትም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ዋና ሰነድ ከእጅ አይውጣ እየተባልኩ ኖሬ በእርጅናዬ ልማዴን አልለውጥም።

ዋንዛው ታሟል። አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ። አሁን ደግሞ ቅጠሉ ያለ ወራቱ ቢጫ እየሆነ ይወርዳል። ከቀፎው በታች የሞቱ ንቦች በአካፋ የሚዛቁ ያህል ናቸው። ብቻዬን የማደርገውን ባጣ ወደ ጀጎል ወርጄ ቡዳ በር አጠገብ ያለውን አናጢ ነስሮን ይዤው መጣሁ። ታስታውሰዋለህ፤ የአባትህ ወዳጅ፣ የቁርኣን ማስቀመጫና ሳጥን የሚሠራው። ዕድሜውን ሙሉ የዋንዛ እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው ነው።

ዛፉን እየዞረ በጣቱ ዳሰሰው። ከሥሩ፣ አፈር በተጠጋበት በኩል፣ በጭቃ የተደፈነ ቀዳዳ አገኘ። ጭቃውን በመሮ ሲያነሳው ሽታው እኔንም መታኝ። ናፍጣ ነው፣ ከናፍጣም ጋር ሌላ የሚያቃጥል ነገር አለበት። እንዲህ ያለ ሰባት ቀዳዳ ቆጠርን። ዙሪያውን ነው የበሱት።

ነስሮ ለእኔ የሚያወራው በአናጢ እርሳስ ጣውላ ላይ እየጻፈ ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «በሕይወት ያለ ዋንዛ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። የደረቀውን ግን ማን ይጠይቃል? ገድለውት ነው፣ ወላሂ።»

«መቼ ይደርቃል?» አልኩት።

«ደርቋል። ቆሞ ነው ያለው።» ጣውላውን ገልብጦ ጨመረ፤ «ወዴት እንዳጋደለ አይተሻል?»

አየሁ። ያጋደለው ወደ መኝታ ቤቴ ነው።

ጀናት፣ ሚስቱ፣ እነርሱ ዘንድ እንድሰነብት ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። ቤቱን ባዶ ጥዬ ከወጣሁ መልሼ የምገባ አይመስለኝም። ነገር ግን ዘላለም፣ እኔ መስማት የተሳነኝ ሴት ነኝ። ሰው ከኋላዬ ቢቆም አላውቅም። እህል የምበላው ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው። ማታ ማታ ከበሩ አንስቶ እስከ ዛፉና እስከ መስኮቴ ድረስ አመድ እነሰንሳለሁ፤ ሲነጋ አመዱ ላይ የጫማ ዱካ አገኛለሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ አግኝቻለሁ። ሁለቱ እስከ ዛፉ ሄደው ተመለሱ። ሦስተኛው እስከ መስኮቴ ደርሷል።

ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። «ባለቤቱ ይምጣ ወይም ይጻፍ» ብለው በወረቀት መለሱልኝ። ስለዚህ አንዲት መስመር ብቻ ጻፍልኝ፤ «ዛፉን እንዲነኩ አልፈቀድኩም» በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ


ሐረር
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘላለም።

ጥምቀትን እንኳን አደረሰህ። ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ያቺ አንዲት መስመር አልመጣችም። ተስፋዬ «በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው» ብሎ ጽፎልኛል።

ትናንት ኪዳነወልድ መጣ። አንድ ሳጥን ብስኩት ይዞ ነበር። ሳይጋበዝ ተቀመጠና ብዙ አወራ። እንደማልሰማ ያውቃል። እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ዓይኖቹ ግን አይስቁም። ከንፈሩን ተከትዬ አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ ሁለት ጊዜ ስለደገመው ነው። «ፋሲካ» ይላል። ወደ ዛፉ ያመለክታል፣ ወደ ጣሪያዬ ያመለክታል፣ «ፋሲካ» ይላል። እስከዚያ ቤቱን ልቀቂ ማለቱ ይመስለኛል። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልጅ እንደሚያባብሉ።

ብስኩቱን አልቀመስኩትም። ለዶሮም አልሰጠሁትም፤ ቀበርኩት። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

በልግ ሲገባ አፈሩ ይርሳል። ነስሮ የሚፈራው ያን ነው። ልጄ፣ የተናደድኩብህ እንዳይመስልህ። በሕይወት መኖርህን ብቻ ጻፍልኝ።

ወለተሥላሴ


ጅቡቲ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሥራ የለኝም። ባለፈው ሰኔ ቀኝ እጄን የኮንቴይነር በር ያዘው። ሦስቱ ጣቶቼ የሉም። ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ለእርስዎ መናገር አቃተኝ፤ «ልጄ ወደብ ላይ ነው» እያሉ ለሰው ሲያወሩ በዓይኔ ይታየኝ ነበር።

ኪዳነወልድ እዚህ ለንግድ ሲመላለስ አገኘኝ። «እዚህ እጅህን አጥተህ ማን ያስጠጋሃል? በባሕር የሚያሻግሩ ሰዎች አውቃለሁ። ማዶ የሚያክምህም የሚቀጥርህም ታገኛለህ» አለኝ። በምትኩ ዛፉን አስቆርጦ ቤቱንና ግቢውን የሚሸጥበት ውክልና ጠየቀኝ። «አክስትህን ደህና ክፍል አስገባታለሁ፤ እንኳን ሊከፋት ትመርቅሃለች» አለ። ፈረምኩለት። እትዬ፣ በእጄ፣ በዚህ በግራዬ ፈረምኩለት።

ዛፉን በመርዝ እንደሚገድል አላውቅም ነበር። የኅዳሩን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ደውዬ «ተው፣ ሴትዮዋ ላይ ይወድቃል» አልኩት። ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? «ከወደቀም የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አለኝ። ለባሕሩ ጉዞ ተብሎ የተወሰደው ፓስፖርቴ እዚህ ባለው ሸሪኩ እጅ ነው። ሁለት ቀን ተከትሎኛል፤ ከማድርበት ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል።

ከዚያ ቤት ይውጡ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። ቤቱ ይቅር፣ ዛፉም ይቅር፤ ጀናት ዘንድ ይሂዱ።

ዘላለም


ሐረር
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘላለም።

እጅህን አምላክ ይዳብሰው። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ቀኝ እጅ ጨብጬ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። እጅህ አንሶ እኔ የማፍርብህ መሰለህ? ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ ያሳደግኩህ ለወደብ አይደለም።

አሁን የምነግርህን ስማ። ውክልናህን አውቅ ነበር። በጥቅምት ያ ሰውዬ በስልኩ ፎቶ ያሳየኝ ወረቀት እርሱ ነው። ቶሎ ቢዘጋውም ፊርማውን አይቼዋለሁ፤ ስምህ ነው፤ እንደ መስከረሙ ደብዳቤህ ወደ ግራ ያጋድላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊርማ ሥር ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ራስህ እንድትነግረኝ ስለፈለግሁ ጠየቅሁህ። ዝም ባልክ ቁጥር ግን የምፈራው ዛፉን ይሁን አንተን መለየት አቃተኝ። ይህንንም ደብቄህ ነበርና ይኸው ተናገርኩት።

ለቅሶውን በኋላ እናለቅሳለን። ውክልና የሰጠ ሰው መሻር ይችላል። ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት በጽሕፈት መኪናዬ የመታሁት ነው። ቃሉን ሳትለውጥ ይዘህ ኤምባሲ ግባ፤ ፊታቸው ፈርም፤ ማኅተም ያድርጉበት። ፓስፖርቱ ተወስዶብኛል ብለህም እዚያው አመልክት። ሰውዬው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ይቀመጥ። ሰው በበዛበት ሰዓት፣ ሰው በበዛበት መንገድ ሂድ።

እኔም የአንተን ምክር ግማሽ ሰምቻለሁ። ማታ ጀናት ዘንድ አድራለሁ። ቀይ አፈር በተቀባው መደባቸው ላይ፣ እነርሱ ነደባ በሚሉት፣ ፍራሽ ዘርግታልኛለች። ቀን ቀን ግን ወደ ቤቴ እወጣለሁ። ግብርና ቢሮ ሄጄ ባለሙያ አምጥቻለሁ፤ ቀዳዳዎቹን አይቶ ጽፏል። ዛፉ ለሰው ሕይወት ስለሚያሰጋ ከላይ ወደ ታች እየተቆረጠ እንዲወርድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ግን የባለቤቱን ቃል ይፈልጋል። ሁሉም ነገር አንተ ዘንድ ነው የቆመው።

አክስትህ


ጅቡቲ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ተፈጽሟል። የተሻረበት ወረቀትና ዛፉ እንዲቆረጥ የፈቀድኩበት ቃል ከዚህ ጋር አለ። ተስፋዬ ከመቀመጫው ሥር ሸሽጎ ያመጣልዎታል።

የዘገየሁት ከቤት መውጣት ፈርቼ ነው፤ አልዋሽዎትም። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በአራተኛው ሸሪኩ ከወንበሩ ተነስቶ «ወዴት ነው?» አለኝ። «ሐኪም ቤት» አልኩት፤ እጄን አሳየሁት። አብሮኝ መጣ። ገበያው መሐል ስንደርስ ሸምበቆ የጫነ ጋሪ መካከላችን ገባ፤ ሮጥኩ። ላብ በላብ ሆኜ ኤምባሲው ደጅ ስደርስ ዘበኛው ሌባ መስዬው ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አንብባ «ይህን ማን አዘጋጀልህ?» አለችኝ። «አክስቴ» አልኳት። «አንድ ፊደል አልተሳሳቱም» አለች።

ወደ ማድርበት ቤት አልተመለስኩም። ልብሴም ብርድ ልብሴም እዚያ ቀርቷል። ተስፋዬ የሚያውቃቸው ጫኞች መጋዘን ውስጥ ነው ያለሁት። ኤምባሲው በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠኝን የመመለሻ ወረቀት፣ ሊሴፓሴ የሚሉትን፣ እየጠበቅሁ ነው።

ዘላለም


ሐረር፣ ጀጎል
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘላለም።

በሕይወት አለሁ። ይህን አስቀድሜ ጻፍኩት፤ ቀሪውን ተረጋግተህ እንድታነብ።

ወረቀትህ በደረሰ በሳምንቱ ፈቃዱ ወጣ። በልጉ ግን ቀደመን። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ፤ ነስሮ የዛፉን ሥር አይቶ «ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም» ብሎ ጻፈልኝ። ማክሰኞ ዝናቡ ሲያባራ አራት ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። አንዱ ወጥቶ ጫፉን መቁረጥ ጀመረ። ነስሮ «ከመኝታ ቤት አልጋሽን እናውጣ» ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔ ልብሴን ላጣጥፍ ገባሁ።

ትራሴን እንዳነሳሁ በመስኮቱ የኪዳነወልድን መኪና አየሁ። የራሱን ሰዎች ጭኖ መጥቷል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትራሱን ወርውሬ ወረቀቱን ይዤ ወደ በሩ ሮጥኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሮጥኩ። ማኅተሙን አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። «ተሽሯል!» አልኩ። የጮኽኩ ይመስለኛል፤ ሰዎቹ ሁሉ ዞሩ።

አነበበው። እንደገና አነበበው። ሊነጥቀኝ እጁን ሲዘረጋ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እኔ ድምፁን አልሰማሁም፤ በውስጥ እግሬ ነው ያወቅኩት። የሁሉም ፊት ከእኔ ኋላ ያለውን ያያል። ዞር ስል ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በመኝታ ቤቴ ጣሪያ ውስጥ ገብቷል። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ታጥፏል። አልጋዬ የለም። ያጠፍኩት ልብስ የለም።

ዛፉ ላይ የነበረው ሰው በገመዱ ተንጠልጥሎ ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ ይላል ነስሮ፣ እኔም አሜን እላለሁ። ኪዳነወልድ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩን ለየሁት፤ «አላሰብኩም» አለ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። እርሱ ባይመጣ ኖሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሊያስወጣኝ የመጣው ሰው ከሞት አስወጣኝ። ይህን ሳስብ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን አያልቅልኝም፣ ጀናት ውሃ ታመጣልኛለች።

ክስ መሥርቻለሁ። ማመልከቻውን ራሴ ነው የመታሁት። እርሱ ግን አሁንም ከተማው ውስጥ ነው፤ ትናንት ሸዋ በር ገበያ ከሩቅ አይቼው ሽንኩርቴን ጥዬ ተመለስኩ። ፍርሃቱ አብሮ አልተቆረጠም። ከቤቱ ሁለት ክፍል ደህና ነው።

አክስትህ


ድሬዳዋ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሥላሴ።

ደወሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሬ ድሬዳዋ ከገባሁ አራት ቀኔ ነው። ሐረር ከዚህ አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። ረዳቱ «ሰውዬ፣ ትሄዳለህ አትሄድም?» ብሎ ሰደበኝ።

ኪዳነወልድን አይደለም የምፈራው። ሸሪኩንም አይደለም። በሩ ላይ ቆሜ ያንን ጣሪያ ማየት፣ ከዚያ እርስዎን ማየት ነው ያቃተኝ። ምን ብዬ እገባለሁ? በየትኛው እጄ እጅዎን እስማለሁ?

ይህን ለሚኒባሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። መልስ ባይሰጡኝም እረዳለሁ።

ዘላለም


ሐረር፣ ሐኪም ጋራ
በዚያው ቀን

ዘላለም፣

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ በእርሳስ ነው የምጽፈው።

እኔም እዚህ ቤት እየፈራሁ ነው የገባሁት። ጠዋት በሩን ስከፍት እፈራለሁ፣ ማታ ስዘጋ እፈራለሁ፤ በመካከሉ ግን ቤት እጠርጋለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ። ፍርሃት እስኪያልፍ ቢጠበቅ ማንም የትም አይደርስም። ከሁሉ የምፈራው ግን እስከ ድሬዳዋ መጥተህ እንዳትመለስ ነው።

ሹፌሩን ይዞህ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ምንም አትበል፤ ብትልም አልሰማህም። ፈርተህም ቢሆን ና።